«ጋዝ ጨርሷል»፦ በሃቫና ስትሪት ጣሪያዎች ላይ ዋጋ ያጣው ምርመራ

በሐምሌ ሙቀት፣ በኦሮራ ከተማ በሃቫና ስትሪት ከተደረደሩት ምግብ ቤቶች፣ የቅመማ ቅመም መደብሮችና ጸጉር ቤቶች በአንዱ የአየር ማቀዝቀዣው ሲደክም፣ ባለቤቱ የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቃል አይበልጥም፤ «ጋዝ ጨርሷል»። ጠጋኙ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ሲሊንደሩን ያገናኛል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ቤቱ ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ያው ስልክ ቁጥር እንደገና ይደወላል።

ሁለቱ ቃላት በቴክኒክ ረገድ ስሕተት ናቸው። የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ በሥራ ብዛትም አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ አንዴ እየተነነ፣ አንዴ ወደ ፈሳሽነት እየተመለሰ፣ ሙቀትን ከቤት ውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚያደርስ ተመላላሽ ነው። ጎደለ ማለት ሾለከ ማለት ነው። ካልሾለከ ደግሞ አልጎደለም፤ ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው። በሁለቱም መንገድ፣ ቀዳዳ ሳይፈለግ የሚሞላ ጋዝ ጥገና ሊባል አይችልም።

በኢኮኖሚ ረገድ ግን ሁለቱ ቃላት በቂ ምክንያት አላቸው። ምርመራ በማይከፈልበት፣ ጋዝ ግን በፓውንድ በሚሸጥበት ገበያ ውስጥ «ጋዝ ጨርሷል» ማለት ለጠጋኙ አዋጪ መልስ ነው። ስለዚህ የሃቫና ነጋዴዎችን ችግር በጠጋኞች ሥነ ምግባር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ከችግሩ ሥር ሦስት የተጣመሙ ማበረታቻዎች አሉ። ምርመራ ዋጋ የለውም፤ የኪራይ ውሉ ወጪውን በማይገባው ትከሻ ላይ ይጥላል፤ ሕጉም ትልልቆቹን ማሽኖች እየጠበቀ ትንንሾቹን ይተዋል። መፍትሔው ደግሞ ከኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ ልምድ የራቀ አይደለም።

ከጀልባ የሚገኝ ትምህርት

ኮሎራዶ ባሕር የላትም፤ ስለ ማቀዝቀዣ ብልሽት ግን ከጀልባ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም። በጀልባ ላይ የተገጠመ የአየር ማቀዝቀዣ ሙቀቱን የሚያራግፈው ወደ ባሕሩ ነው። ፓምፕ ከጀልባው ሆድ በታች ውሃ ይስባል፤ ውሃው በወንፊት ተጣርቶ፣ የጋዙን ሙቀት ተቀብሎ፣ በጎን በኩል ተመልሶ ይፈስሳል። ማሽኑ ሲቆም ልምድ ያለው መርከበኛ ጋዝ ፍለጋ አይሮጥም። መጀመሪያ በጎን በኩል ውሃ ይወጣ እንደሆነ ያያል። ካልወጣ ወንፊቱን ከፍቶ በባሕር ሣር መደፈኑን ይመለከታል። ቀጥሎ ፓምፑ አየር መያዙን፣ ከወደቡ የሚመጣው ኤሌክትሪክ መዳከሙን፣ በውስጥ ያለው የአየር ማጣሪያ መቆሸሹን ይመረምራል። ጋዝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። በባሕር መካከል የተሳሳተ ግምት ዋጋ የሚከፈለው በራሱ በገማቹ ኪስና ላብ ነው። መርማሪውም ከፋዩም አንድ ሰው በመሆኑ፣ ርካሹና ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ የሚገኘው ፍተሻ ይቀድማል፤ ውድና አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ይከተላል። በሃቫና ጣሪያ ላይ መርማሪውና ከፋዩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ወንፊቱን ማጽዳት ለጠጋኙ የሚያስገኘው ጥቂት ነው፤ ሲሊንደሩ ግን ትርፍ አለው።

የሃቫና ወንፊት

በሃቫና ጣሪያ ላይ የጀልባውን ወንፊት ቦታ የያዘው የኮንደንሰሩ ክንፍ ነው። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ኮተንውድ የሚባለው ዛፍ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ብናኝ ይበትናል። ብናኙ በነፋስ ተነድቶ በክንፎቹ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። በረዶም አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 2017 በዴንቨር አካባቢ የወረደው በረዶ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች 2.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስወጣ፣ በኮሎራዶ ታሪክ እጅግ ውድ የሆነ የበረዶ አደጋ ነበር። ያን መሰል በረዶ ስሱን የአሉሚኒየም ክንፍ አጣጥፎ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በበጋው የሰደድ እሳት ጢስ በተራው የውስጡን ማጣሪያ ያጠቁራል። ሦስቱም በውሃና በሳሙና፣ በክንፍ ማበጠሪያና በአዲስ ማጣሪያ የሚታከሙ ናቸው። ማሽኑ ጨርሶ አልነሣ ካለ ደግሞ ተደጋግሞ የሚገኘው ጥፋተኛ ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከሙሉ የጋዝ ሙሌት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አደገኛው ነገር የሁለት ሕመሞች መልክ መመሳሰሉ ነው። የውስጡ ማጣሪያ ሲደፈን በጠጋኙ መለኪያ ላይ ዝቅተኛ ግፊት ይታያል፤ ጋዝ ሲጎድልም እንዲሁ። በሁለቱም ጊዜ ቧንቧው በረዶ ሊሠራ ይችላል። የሚለያቸው አንድ ተጨማሪ ልኬት ነው። ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ቧንቧ ሙቀት ተለክቶ ጋዙ ከሚተንበት ሙቀት ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጋዝ ጎድሏል፤ እጅግ ጠባብ ከሆነ አየር አጥሯል። ይህን ሳይለኩ ጋዝ የጨመሩበት ማሽን፣ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ እየተመለሰ ውሎ አድሮ ይሰብረዋል። የደቂቃዎች ልኬት የማሽኑን ልብ ያድናል፤ ለዚያች ልኬት ግን በደረሰኙ ላይ መስመር የላትም።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በ17 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ስለሆነ፣ ለባሕር ጠለል የተሰላ ማሽን በሃቫና ላይ በስሙ የተጻፈለትን ሙሉ አቅም አይሰጥም። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አድጎ መስኮት በመክፈት ብቻ ቤቱን ያቀዘቅዝ የነበረ የአዲስ አበባ ሰው፣ ከፍታ ለማሽን ድካም እንጂ እፎይታ እንደማይሆን ለመገመት ይቸገራል። ዴንቨር በ2005፣ በ2012 እና በ2018 የሙቀት መጠኗ 105 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ያውቃል። አቅሙ ሲጀመር ያነሰ ማሽን በእንዲህ ያለ ቀን ቢሸነፍ፣ የጠፋው ስሌት እንጂ ጋዝ አይደለም።

የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ደግሞ የራሱ ሸክም አለው። በማቀዝቀዣ ሥራ «አንድ ቶን» የሚባለው መለኪያ አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው ሙቀት የመጣ ሲሆን፣ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 3.5 ኪሎ ዋት የሚጠቀም አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሙቀቱና እንፋሎቱ በቤቱ ውስጥ ከቀረ፣ የአንድ ቶን ማቀዝቀዣን ሥራ ብቻውን ይበላል። ሙቀቱን የሚያወጣው የጢስ መሳቢያም ሌላ ጣጣ ያመጣል። መሳቢያው ያወጣውን አየር የሚተካ ንጹሕ አየር የሚያስገባው ማሽን ከቆመ፣ መሳቢያው የቀዘቀዘውን የእንግዶች ክፍል አየር ጠርጎ ያወጣና በምትኩ የመንገዱን ትኩስ አየር በበሩ ስንጥቅ ይስባል። የውጭው በር ሲከፈት ወደ ውስጥ የሚስብ፣ ሲከፍቱትም የሚከብድ ከሆነ ችግሩ ከኩሽናው ይጀምራል። በጣሪያው ላይ ላለው ማሽን የሚሞላ ጋዝ ይህን ፈጽሞ አይነካውም።

ገበያው ለምን ራሱን አያርምም?

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በተጻፈ ጥናቱ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ዕቃ ከገበያ እንደሚሸሽ አሳየ። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ግን ቢያንስ ከጊዜ በኋላ እውነቱን ያገኘዋል። በ1973 ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የባሰውን ዓይነት ገበያ ለዩ፤ ገዢው አገልግሎቱን ካገኘ በኋላ እንኳ ያስፈልገው እንደነበረ ሊያውቅ የማይችልበት ገበያ። ሕክምና፣ የመኪና ጥገና፣ የማቀዝቀዣ ጥገና ከዚህ ወገን ናቸው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቤቱ መቀዝቀዙን ያውቃል፤ ያቀዘቀዘው የተሞላው ጋዝ ይሁን፣ ጠጋኙ በመንገዱ ላይ የጠረገው ብናኝ፣ ወይም በማግሥቱ የወረደው ዝናብ ግን አያውቅም።

እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ እንግድነት ዋጋ ያስከፍላል። በአቴንስ ታክሲዎች ላይ በሉካስ ባላፉታስና በባልደረቦቹ ተደርጎ በ2013 የታተመ የመስክ ሙከራ፣ ከተማይቱን የማያውቅ የመሰለ ተሳፋሪ በረዘመ መንገድ እንደሚወሰድ፣ ታሪፉን የማያውቅ የመሰለ የውጭ አገር ሰው ደግሞ ከተገቢው በላይ እንደሚከፍል አሳይቷል። በ2016 የታተመው የሩዶልፍ ከርሽባመርና የባልደረቦቹ የኮምፒውተር ጥገና ሙከራ ደግሞ፣ ደንበኛው ወጪውን ኢንሹራንስ እንደሚሸፍንለት ሲናገር አማካይ ሒሳቡ ከ80 በመቶ በላይ እንደሚያድግ ገልጿል። በዴንቨር ታክሲ የነዱ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን ሙከራ ውጤት ለመረዳት ጥናቱን ማንበብ አያስፈልጋቸውም። በሃቫና ጣሪያ ሥር ግን ቦታው ይለወጣል። ከተማይቱን የሚያውቀው ሾፌር የማሽኑን ካርታ የማያውቅ ተሳፋሪ ይሆናል።

«መጥፎውን ጠጋኝ የደንበኞች አስተያየት ያጠፋዋል» የሚል መልስ ይሰጣል። አስተያየት የሚሠራው ግን ደንበኛው ጥራትን መለካት በሚችልበት ቦታ ነው። በዕለቱ መጥቶ፣ በትሕትና አናግሮ፣ ቤቱን ለሳምንት አቀዝቅዞ የሄደ ሰው አምስት ኮከብ ያገኛል። ቀዳዳ ፈልጎ፣ ግማሽ ቀን ወስዶ፣ ለምርመራው ብቻ ያስከፈለ ሰው ቅሬታ ይከተለዋል። የአገር ልጅ መጥራትም ብቻውን አይበቃም። ዝምድና ማታለልን ሊቀንስ ይችላል፤ ያልተለካን ነገር ግን እንዲለካ አያደርግም። ቅን ሰውም ቢሆን ሒሳቡ ከጋዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጋዝ ይሸጣል።

ጣሪያው የማን ነው?

ሁለተኛው ጥመት በኪራይ ውሉ ውስጥ ተጽፏል። በገበያ መደዳዎች የተለመደው ውል ከኪራዩ በተጨማሪ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን በተከራዩ ላይ የሚጭነው ነው። የማቀዝቀዣው ጥገና፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ መተካቱ፣ በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል። የአንድ የጣሪያ ማሽን ዕድሜ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ የተከራዩ ውል ግን አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት የቀረው ተከራይ ለቀጣዩ ተከራይ አዲስ ማሽን አይገዛም። አከራዩም የመብራቱንም የጋዙንም ሒሳብ ስለማይከፍል አያሳስበውም። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያታዊ ናቸው፤ ድምሩ ግን በየዓመቱ የሚሞላ አሮጌ ማሽን ነው።

ካሊፎርኒያ በዚህ ጉዳይ አንድ እርምጃ ወስዳለች። ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሕጓ አምስትና ከዚያ በታች ሠራተኛ ላላቸው ጥቃቅን ድርጅቶች፣ ከ10 በታች ሠራተኛ ላላቸው ምግብ ቤቶችና ከ20 በታች ሠራተኛ ላላቸው ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ጥበቃ ይሰጣል። አከራዩ የሕንጻ ወጪዎችን በተከራዮች ላይ ሲያከፋፍል ማስረጃ እንዲያቀርብ፣ በተወሰኑ ቋንቋዎች የተደራደረበትንም ውል ተርጉሞ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቋንቋዎቹ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ታጋሎግ፣ ቬትናምኛና ኮርያኛ ናቸው፤ አማርኛ የለበትም። ኮሎራዶ ውስጥ በፖሊሲ ሥራ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተመሳሳይ ሕግ እንዲወጣ ሲጠይቁ፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ሊያስገቡ የሚገባቸው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «አማርኛ» ነው።

የሕጉ ሰዓት

ሦስተኛው ጥመት ከዋሽንግተን የመጣ ነው። በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ደንብ መሠረት፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያፈስስን ማሽን የመጠገን ግዴታ የሚመለከተው 50 ፓውንድና ከዚያ በላይ ጋዝ የሚይዙትን ነው። የትንሽ ሱቅ የጣሪያ ማሽን ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚይዝ፣ ቀዳዳውን ትቶ በየዓመቱ መሙላት ግዴታን መጣስ አይሆንም። ጋዙን የሚነካ ሁሉ የፌዴራል የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ወረቀቱ ግን በጋዝ አያያዝ ላይ ያተኮረ ፈተና ማለፉን እንጂ የምርመራ ችሎታውን አያረጋግጥም። ኮሎራዶም ለማቀዝቀዣ ተቋራጮች በክፍለ ሀገር ደረጃ ፈቃድ አትሰጥም፤ ጉዳዩ ለየከተሞቹ የተተወ ነው። ሃቫና ስትሪት ደግሞ በሰሜን ዴንቨር ውስጥ፣ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሮራ ውስጥ ያልፋል። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ከተሞች ሁለት የፈቃድ ሥርዓት አላቸው።

ይህ ሁሉ በርካሽ ጋዝ ዘመን ሊታለፍ ይችል ነበር። ያ ዘመን እያለፈ ነው። አር-22 የሚባለውን አሮጌ ጋዝ አዲስ ማምረትና ማስገባት ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአሜሪካ ተከልክሏል፤ የቀረው ከአሮጌ ማሽኖች የተሰበሰበውና በመጋዘን ያለው ነው። ተተኪው አር-410ኤም፣ የምድርን ሙቀት የማባባስ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ስለሆነ፣ በ2020 በወጣው ሕግ የዚህ ዓይነት ጋዞች አቅርቦት እስከ 2036 በ85 በመቶ እንዲቀንስ ተወስኗል። አዲሶቹ ማሽኖች አር-454ቢን ወይም አር-32ን ይጠቀማሉ። እነዚህ በመጠኑ ተቀጣጣይ በመሆናቸው በአሮጌ ማሽን ውስጥ ሊሞሉ አይችሉም። አቅርቦቱ በሕግ እየጠበበ በሄደ ቁጥር «ጋዝ ጨርሷል» የምትለው ፍርድ ዋጋዋ እየጨመረ ይሄዳል። ዛሬ ቀዳዳውን ያልፈለገ ነጋዴ ነገ ያንኑ ቀዳዳ በውድ ዋጋ ይሞላል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ነገር ምርመራን ከጥገና ለይቶ መግዛት ነው። ነጋዴው ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አንድ ገጽ ውጤት በጽሑፍ ይጠይቅ። በገጹ ላይ የማጣሪያውና የክንፎቹ ሁኔታ፣ የኤሌክትሪኩ ቮልቴጅ፣ ወደ ማሽኑ በሚገባውና ከማሽኑ በሚወጣው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ የሁለቱ ቧንቧዎች ግፊትና ሙቀት፣ የተጨመረው ጋዝ ዓይነትና ክብደት ይስፈር። ለዚህ ገጽ ተገቢውን ክፍያ ይክፈል። ክፍያው ቀላል ላይሆን ይችላል፤ በዚህ ምክንያት «ለምርመራ ማን ይከፍላል?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። መልሱ ነጋዴው አሁንም እየከፈለ መሆኑ ነው፤ ሒሳቡ በጋዝ ስም ስለሚመጣ አይታየውም። ገጹ ሲከማች የማሽኑ የሕክምና መዝገብ ይሆናል። በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ጋዝ የተጨመረበት ማሽን ቀዳዳ እንዳለበት ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው መሰባሰብ ነው። በአንድ የገበያ መደዳ አሥር ተከራዮች ቢኖሩ አሥሩም ማሽኖች በአንድ ጣሪያ ላይ ናቸው። ዛሬ ግን አሥር ጠጋኞች በአሥር የተለያዩ ቀናት ያንኑ መሰላል ይወጣሉ። አሥሩ ነጋዴዎች በጋራ ቢዋዋሉ፣ አንድ ባለሙያ በሚያዝያ አንድ ጊዜ፣ የኮተንውዱ ብናኝ ካበቃ በኋላ ሌላ ጊዜ ወጥቶ ሁሉንም ሊመረምር ይችላል። ክፍያውም በማሽን ቁጥርና በወር የተቆረጠ ቢሆን የባለሙያው ጥቅም ይገለበጣል። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር የሚጎዳው እርሱ ስለሚሆን፣ እንደ መርከበኛው ከርካሹ ፍተሻ ይጀምራል።

ለዚህ ማኅበረሰቡ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። በዴንቨር በ2009 ሥራ የጀመረው ዩኒየን ታክሲና በ2016 የተከተለው ግሪን ታክሲ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች በባለቤትነት የተሳተፉባቸው የሾፌሮች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ግሪን ታክሲ የ800 ያህል ሾፌሮችን መዋጮ ሰብስቦ፣ ከክፍለ ሀገሩ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ፈቃድ አግኝቶ የተቋቋመ ነው። በስልክ የሚጠሩት አዳዲስ የመጓጓዣ ድርጅቶች ፈተና ሆነውባቸዋል፤ ነገር ግን ስደተኛ ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሕግ አጥንተው፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፊት ቀርበው ሊያሸንፉ እንደሚችሉ አስመስክረዋል። ታክሲ ለማቋቋም የበቃ አቅም አሥር የጣሪያ ማሽኖችን ለማስጠበቅ አያንስም። የዕድር አሠራርም ይህንኑ ያውቃል። ሁሉም ጥቂት በየወሩ ያዋጣል፤ አደጋው የደረሰበት ብቻውን አይወድቅም።

የጋራ ውል የራሱ ድካም አለው። ንጹሕ ማሽን ያለው ነጋዴ አሮጌ ማሽን ላለው ጎረቤቱ እየከፈለ ሊመስለው ይችላል፤ መዋጮውን የሚያዘገይም አይጠፋም። የመጀመሪያው በመግቢያ ምርመራ ይፈታል። እያንዳንዱ ማሽን ሲገባ ተመርምሮ፣ ወርሃዊ ክፍያው በዕድሜውና በሁኔታው ይወሰናል። ለሁለተኛው የዕድር ዳኞች የቆየ መድኃኒት አላቸው፤ ላልከፈለ አይደረስም።

ሦስተኛው ውሉን ማረም ነው። ተከራዩ የመደበኛ ጥገናውን ወጪ እስከ ተወሰነ ዓመታዊ ጣሪያ ይሸፍን። ከዚያ በላይ ያለውንና የመተካቱን ወጪ አከራዩ ከፍሎ፣ በማሽኑ ዕድሜ አካፍሎ፣ ተከራዩ በቤቱ ለሚቆይባቸው ዓመታት ብቻ ድርሻውን ያስከፍለው። ይህ አንቀጽ ለአከራዩ ስጦታ የመጠየቅ ያህል አይደለም። አዲሱ ማሽን ንብረቱ ነው፤ ዋጋውን ከረጅሙ ዕድሜው ጋር የሚያስተያይ ብቸኛ ባለድርሻም እርሱ ነው። ውል በሚታደስበት ወቅት ብቻውን የሚጠይቅ ተከራይ እንደማይሰማ የታወቀ ነው። አሥር የምርመራ ገጾች ይዘው የሚመጡ አሥር ተከራዮች ግን ይሰማሉ።

ጉዳዩ በሃቫና አይቆምም። የኦሮራ እኅት ከተማ አዳማ ናት፤ ከፍታዋም ከዴንቨር ብዙ አይርቅም። በአዳማ፣ በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ የማቀዝቀዣ ማሽን ሆቴሉንም፣ ባንኩንም፣ የመድኃኒት መጋዘኑንም በገባ ቁጥር ያቺው ፍርድ በዚያም ትሰማለች። ስለ ቴክኒክ ሥልጠናና ስለ ኃይል ቁጠባ ለአገር ቤት ምክር የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፣ የሚያሠለጥኑት ሰው ለምርመራው የሚከፈለው መሆኑን አስቀድመው ማረጋገጥ አለባቸው። ካልተከፈለው የተማረውን ልኬት ትቶ ገበያው ወደሚከፍልበት ሲሊንደር ይመለሳል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሃቫና ጣሪያዎች ላይ በሽታውን የሚደብቀው ሰው ብቻውን አይደለም፤ የክፍያው፣ የውሉና የሕጉ አሠራርም አብሮ ይደብቀዋል። ከሦስቱ የሕጉ ለውጥ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ የውሉም እስከሚታደስበት ቀን ይጠብቃል። ለምርመራው መክፈልና ገጹን መጠየቅ ግን በሚቀጥለው የስልክ ጥሪ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው።